ቀን የሚቆጥሩ መጻሕፍትና የሆሳዕና ዘንባባ



ምእመናን የዘንባባ ዝንጣፊ ይዘው፣ ከቅጠሉም ቀለበትና የግንባር ጌጥ ሠርተው የሚያከብሩት የሆሳዕና በዓል በሀገራችን ውስጥ በአንዲት ከተማ ዘንድ የስም በዓልም ነው። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሆሳዕና ስሟን የወሰደችው ከዚሁ ዕለት ሲሆን፣ ስሙ የወጣላት በራስ አባተ ቧያለው ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ስለዚህም በዛሬው ዕለት የዚህችን ከተማና የአካባቢዋን ክርስቲያን ቤተሰቦች የሚመለከት አንድ ጉዳይ ማንሣት ያለ ቦታው አይሆንም። ጉዳዩም ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ትንቢትና ስለ ዓለም ፍጻሜ እየተጻፉና እየተተረጎሙ በየገበያው የሚሸጡት መጻሕፍት ነገር ነው።

ከሆሳዕና እስከ ሾኔ፣ ከዱራሜ እስከ ሺንሺቾና አንጋጫ በየመናኸሪያው አካባቢ ላስቲክ አንጥፎ መጽሐፍ የሚቸረችር ሰው አይጠፋም። ከመዝሙረ ዳዊትና ከተማሪዎች መርጃ መጻሕፍት ጎን ስለ 666፣ ስለ ሐሳዊ መሲሕ፣ ስለ አርማጌዶን፣ ስለ ኢሉሚናቲ፣ እንዲሁም «ንጥቀት» ስለሚባለው ነገር የሚያትቱ ቀጫጭን መጻሕፍት ተደርድረው ይታያሉ። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ይኸው ትምህርት በእጅ ስልክ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። አንባቢው ብዙ ነው፤ የሚገርመውም ከአንባቢዎቹ መካከል የኦርቶዶክሳውያን ቤተሰብ ልጆች ቁጥር ጥቂት አለመሆኑ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የአካባቢውን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከሐዲያ ዞን ነዋሪ ሦስት አራተኛው ያህል የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ሲሆን፣ ኦርቶዶክሳውያኑ ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም። ከምባታም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ሙስሊሙና ካቶሊኩም በመካከል አለ። በአንድ ግቢ ውስጥ አያት ገብርኤልን ሲሳለሙ፣ ልጅ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ፣ ምራት ደግሞ የሙሉ ወንጌል አባል የሆነችበት ቤት ብርቅ አይደለም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ሲሻገር ማንም ልብ አይለውም። መጽሐፍ መዋዋስ የጉርብትና ወግ ነውና የሚነቀፍም አይደለም።

በ1920 ዓ.ም በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ደቡብ የወረዱት የሱዳን የውስጥ አገር ሚሲዮን መልእክተኞች ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎቻቸው አንዱን የተከሉት ሆሳዕና ላይ ነበር። እነዚህ ሰዎች ያደጉበት የሰሜን አሜሪካ የሃይማኖት ዓለም ስለ ዘመን ፍጻሜ ጉባኤ የሚደረግበት፣ በ1909 እ.ኤ.አ የታተመው የስኮፊልድ ማብራሪያ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ በየቤቱ የገባበት ዓለም ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ በአካባቢው ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ሆኖም ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በአንድ መስፈርት መለካት ፍትሕ አይሆንም። በእነርሱም ዘንድ ቀን መቁጠርን አጥብቀው የሚቃወሙ መምህራን አሉ።

መጻሕፍቱን ግን በራሳቸው ሚዛን እንመዝናቸው። የዚህ ዓይነት ሥራዎች ሁሉ አባት የሚባለው አሜሪካዊው ሃል ሊንድሴ በ1970 እ.ኤ.አ ያሳተመው መጽሐፍ ሲሆን፣ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይነገርለታል። ደራሲው የእስራኤል መንግሥት በ1948 እ.ኤ.አ መቋቋሙን መነሻ አድርጎ፣ አንድ ትውልድ አርባ ዓመት ያህል ነው በሚል ስሌት፣ ነገሩ ሁሉ እስከ 1988 ገደማ ይፈጸም ይሆናል የሚል ግምት ለአንባቢው ሰጠ። በትንቢተ ሕዝቅኤል 38ኛ ምዕራፍ የተጠቀሰውን ጎግንም ሶቪየት ኅብረት ናት አለ። በዚያው ምዕራፍ ከጎግ ጋር ከሚዘምቱት መካከል የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ኢትዮጵያ» ብሎ የተረጎመው የኩሽ ስም አለበት። ደርግ ከሞስኮ ጋር በተወዳጀበት ዘመን ይህን ትርጓሜ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ሀገሩ በእግዚአብሔር ጠላት ሰልፍ ውስጥ አስቀድማ ተመዝግባለችና! ደርግ በ1983 ዓ.ም ወደቀ። በዚያው ዓመት በ1991 እ.ኤ.አ ማብቂያ ላይ ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች። የሕዝቅኤል መጽሐፍ ግን ዛሬም እንደነበረ አለ። የፈረሰው ትርጓሜው ነው።

ትርጓሜው ሲፈርስ ደራሲዎቹ ምን ያደርጋሉ? አዲስ ዕትም ያወጣሉ። ጆን ዋልቮርድ የተባለው የትንቢት መምህር ከ1973 እ.ኤ.አ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ስለ አርማጌዶንና ስለ ነዳጅ የጻፈው መጽሐፍ፣ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲመጣ ተሻሽሎ እንደ አዲስ ለገበያ ቀርቧል። ኤድጋር ዊዝናንት የሚባል ጡረተኛ መሐንዲስም ንጥቀቱ በ1988 እ.ኤ.አ የሚሆንባቸውን 88 ምክንያቶች ዘርዝሮ ጻፈ። የወሰነው ቀን በመስከረም መጀመሪያ የሚውል ነበርና፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1981 ዓ.ም እንቁጣጣሽ ጋር ገጠመ። እኛ አበባ አየሽ ወይ እያልን ስንዘፍን፣ በባሕር ማዶ ሻንጣውን ያሰናዳ ሰው ነበር ማለት ነው። ቀኑ ባዶውን ሲያልፍ ደራሲው ስሌቱ በአንድ ዓመት ተሳስቷል ብሎ ለ1989 ሌላ አሳተመ። ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለው የሬዲዮ ሰባኪ ደግሞ ግንቦት 13 ቀን 2003 ዓ.ም ብሎ በዓለም ዙሪያ ማስታወቂያ ሰቀለ። ያም አለፈ።

የ666 ነገርም እንዲሁ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ ሜሪ ስቱዋርት ሬልፍ የተባለች አሜሪካዊት በሸቀጥ ላይ የሚታተመውን ባርኮድ ከአውሬው ቁጥር ጋር አያይዛ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከባርኮድ ወደ ኮምፒዩተር፣ ከኮምፒዩተር ወደ ባንክ ካርድ፣ ከካርድ ወደ ኮቪድ ክትባት፣ በሀገራችንም ወደ ዲጂታል መታወቂያ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ቁጥር ፍለጋ ከሆነ ከዱራሜ አጠገብ ያለውን የሀምበሪቾ ተራራ የሚወጣ ሰው 777 ደረጃዎችን ይቆጥራል፤ ሲደርስ የሚያገኘው ግን ቀዝቃዛ ነፋስና ሰፊ ሀገር ነው። በሁለተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ቅዱስ ሄሬኔዎስ ከሐዋርያት የተማሩትን ያየ አባት ሲሆን፣ በቁጥሩ ሊገኙ የሚችሉ ሦስት ስሞችን ከጠቀሰ በኋላ አንዱንም እርግጠኛ ሆኖ ለመናገር እምቢ አለ። ስሙ በዘመናችን መታወቅ ቢያስፈልገው ኖሮ ራእዩን ያየው ራሱ በነገረን ነበር የሚል አሳብ ነው የነበረው። ለዮሐንስ ዘመን እንዲህ የቀረበ ሰው የፈራውን ነገር፣ በሃያ ብር መጽሐፍ ላይ ያለ ፍርሃት የሚናገር ሰው ከየት ድፍረቱን እንዳገኘው ያስገርማል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለዚህ በዓል የሚቀርበው የንጥቀት ትምህርት ነው። እነዚህ መጻሕፍት እንደሚሉት ክርስቶስ አስቀድሞ በስውር መጥቶ የራሱን ሰዎች ከምድር ይነጥቃል፤ አውሮፕላን ያለ አብራሪ፣ ሕፃን ያለ እናት ይቀራል። በ1995 እ.ኤ.አ የጀመሩት የቲም ላሄይና የጄሪ ጄንኪንስ ልብ ወለዶች ከዚህ ተነሥተው 16 ቅጽ ሞልተዋል። ይህ ትምህርት በዚህ መልኩ የተስፋፋው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ በጆን ዳርቢ በኩል ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ግን ምጽአቱ አንድ ነው። እርሱም ሕያዋንንና ሙታንን ለመፍረድ በግርማ የሚሆን እንጂ በስውር የሚፈጸም አይደለም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያው መልእክት አራተኛ ምዕራፍ ላይ ምእመናን ጌታን በደመና ለመቀበል እንደሚነጠቁ መናገሩ እውነት ነው። ጥያቄው ከተቀበሉት በኋላ ወዴት ይሄዳሉ የሚለው ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሲተረጉም፣ ንጉሥ ወደ ከተማ ሲገባ የተከበሩት ሰዎች ከከተማው ወጥተው እንደሚቀበሉት ይናገራል። ሀገራችን ይህን ወግ አሳምራ ታውቀዋለች። የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ሰው ከደጁ አልፎ፣ መንደሩንም አልፎ ወጥቶ ይቀበላል። ከተቀበለም በኋላ እንግዳውን ከፊት አስቀድሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል እንጂ ከእንግዳው ጋር ወደ መጣበት ሀገር አይሄድም። የሆሳዕና ዕለት የኢየሩሳሌም ሕዝብ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ዘንባባ ይዞ ወጣ፤ ጌታንም ይዞ ወደ ከተማው ገባ። ከተማዋ የዚያን ዕለት የተሻለች ሆና አይደለም፤ በሳምንቱ የምትሰቅለው ያቺው ከተማ ነበረች። ንጉሡ የገባው ወደ እርሷ ነው።

በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል 24ኛ ምዕራፍ አንዱ ይወሰዳል ሌላው ይቀራል የሚለው ነገርም ከኖኅ ዘመን ጋር ተያይዞ የተነገረ ነው። በኖኅ ዘመን የተወሰዱት ውኃው የወሰዳቸው ናቸው፤ የቀረው ኖኅ ነው። ይህን ያስተዋለ አንባቢ ለመቅረት ይጸልይ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን የራሳችንን ቤት ሳንመለከት ጎረቤትን ብቻ ብንተች ሚዛናችን ያጋድላል። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድስ ስንቱ መጽሐፍና ስንቱ የድምፅ ቅጂ ነው ፍካሬ ኢየሱስን እየጠቀሰ «የሚመጣው ቴዎድሮስ» በዚህ ዓመት ይነግሣል፣ በዚያ ዓመት ጦርነቱ ያበቃል የሚለው? ፍካሬ ኢየሱስ ከምሥራቅ ተነሥቶ አርባ ዓመት በጽድቅ ስለሚገዛ ንጉሥ የሚናገር የቆየ ጽሑፍ ነው። ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም ደረስጌ ማርያም ሲነግሡ የንግሥ ስማቸውን የመረጡት ይህን ተስፋ አስበው ነበር። ነገር ግን አርባው ዓመት አሥራ ሦስት ሆኖ ቀረ። ንጉሡ መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በትንሣኤ ማግስት ሰኞ ነበር። ታላቅ ንጉሥ ነበሩ፤ ትንቢቱን ግን በስም መውሰድ አልቻሉም።

«ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» የሚለውንም አባባል እንመልከት። ልጅ አባቱን ሲሳደብ፣ ዝናብ ሲቀር፣ ቡና ሲወደድ ሁሉ ስምንተኛው ሺህ ይባላል። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ግን ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን ነው። በዚህ ላይ 1500 ዓመተ ምሕረት ሲደመር ሰባት ሺህ ይሞላል። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ የገባው በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመነ መንግሥት መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ እነሆ ከገባ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል! እርግጥ ነው፣ የዚያ ዘመን ሰው ከእኛ ይልቅ ለመፍራት ምክንያት ነበረው። በ1521 ዓ.ም የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ተደረገ፤ ከዚያም አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ነደዱ። የቀሩት መነኮሳት ግን ብራና ፍቀው እንደገና መጻፍ ጀመሩ። በሩስያም እንዲሁ፣ በእነርሱ አቆጣጠር ሰባት ሺህ የሞላው በ1492 እ.ኤ.አ ስለነበር የፋሲካ ማውጫ ሰንጠረዣቸው እዚያ ላይ አብቅቶ ነበር። ዓመቱ ሲያልፍ ሜትሮፖሊታን ዞሲማ የሚቀጥሉትን ዓመታት ፋሲካ አስልቶ አወጣ። የሚቀጥለውን ፋሲካ ማስላት ከሁሉ የሚበልጥ መልስ ይመስለኛል።

ነገሩ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቦታ ባልሰጠነው። ነገር ግን ኑሮን ይነካል። የሐዲያና የከምባታ ገበሬ ኑሮ የቆመው በእንሰት ላይ ነው። እንሰት እንደ ጤፍ በአንድ ክረምት የሚታጨድ አይደለም፤ ተተክሎ፣ ተነቅሎ፣ እንደገና ተተክሎ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ዛሬ ችግኝ የምታዘዋውር እናት ከአራት አምስት ዓመት በኋላ የሚፋቀውን ቆጮ ለልጆቿ እያሰበች ነው። ዓለም በሁለት ዓመት ያልቃል ብሎ ያመነ ሰው እንሰት አይተክልም፤ ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም አይደክምም። ጳውሎስ ለነዚያው ለተሰሎንቄ ሰዎች ሁለተኛ መልእክት የላከው ለምን ሆነና? ከእርሱ የመጣ የሚመስል ደብዳቤ የጌታ ቀን ደርሷል እያለ አናውጧቸው፣ በመካከላቸውም ሥራ ትተው የሚዞሩ ሰዎች ነበሩ። ሐዋርያው ሥራ የማይወድ አይብላ እስከ ማለት የደረሰው በዚያው መልእክት ነው። ከፍጻሜ ዘመን ጽሑፍና ከሥራ መፍታት ጋር የተያያዘው ነገር እንግዲህ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው።

ትንቢትን የዕለት ዜና መፍቻ ማድረግ በለመደ ሰው ዘንድ ትንቢት የጉዞ ፈቃድም ሊሆን ይችላል። የሐዲያን ፍልሰት ያጠኑ ምሁራን እንደመዘገቡት፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ሆሳዕና ላይ የሰበከ አንድ የውጭ ሀገር ሰባኪ ለሕዝቡ በደቡብ በኩል በር እንደሚከፈት ተናግሮ ነበር። ብዙዎችም ይህን ቃል ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስድ መንገድ አድርገው ተረጎሙት። የሥራ ማጣትና የመሬት ጥበት ዋነኛ ምክንያት መሆኑ አይካድም፤ የደረሱና ቤተሰብ የረዱም ብዙ ናቸው። ነገር ግን ቃሉ የመንገዱን አደጋ ቀላል አስመስሎታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ለነዚህ እናቶች ትንቢቱን ማን ይተረጉምላቸዋል?

በጎረቤቶቻችን ዘንድም የሆነው ይታወሳል። በኡጋንዳ ካኑንጉ፣ የዓለምን ፍጻሜ የሚጠብቅ አንድ ማኅበር አባላት ንብረታቸውን ሸጠው ከተሰበሰቡ በኋላ፣ የተባለው ቀን ሲያልፍ መጋቢት 8 ቀን 1992 ዓ.ም በመቶ የሚቆጠሩት በተዘጋ ቤት ውስጥ በእሳት አለቁ። በኬንያ ሻካሆላ ጫካ ደግሞ በረሃብ ወደ ክርስቶስ ትደርሳላችሁ የተባሉ ሰዎች ከ2015 ዓ.ም ሚያዝያ ጀምሮ ሲቆፈር ከ400 በላይ አስከሬን ተገኝቷል። በእኛ ሀገር እዚህ ደረጃ ላይ አልተደረሰም፤ እንዲህ ያለው ጥፋት የሚጀምረው ግን ከመጽሐፍና ከስብከት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ፍጻሜ ዝም ብላ አታውቅም። ከሦስት ሳምንት በፊት ያከበርነው ደብረ ዘይት ስለ ዳግም ምጽአት የሚነገርበት ዕለት ነው። ሥርዓቱን ያስቀመጡት አባቶች ጥበብ የሚታየው ግን በሚቀጥለው እሑድ ነው፦ ገብር ኄር። ጌታው ቶሎ ይምጣ ይዘግይ ሳያውቅ በአምስቱ መክሊት ነግዶ አምስት ያተረፈው ባሪያ ታሪክ ከምጽአት ትምህርት አጠገብ ተቀምጧል። ከደብረ ዘይት ወደ ገብር ኄር ሳይሻገር የሚቀር ሰው ፍርሃቱን ይዞ ይቀራል፤ መጻሕፍቱም የሚነግዱት በዚሁ ፍርሃት ነው።

እዚህ ላይ ወቀሳው ወደ እኛው ይመለሳል። በሆሳዕናና በዱራሜ ያለ ወጣት ስለ ራእየ ዮሐንስ መጠየቅ ቢፈልግ ማንን ይጠይቃል? አንድምታውን በቃሉ የያዘ መምህር በከተማው ቢኖርም፣ ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው በአማርኛና በግእዝ ነው። ጎረቤት ያለው ሰባኪ ግን በሐዲይኛ ወይም በከምባትኛ፣ በእናቱ ቋንቋ፣ ያውም ጥያቄውን ሳይጠይቅ ይመልስለታል። መልሱ የተሳሳተ ቢሆንም መልስ ነው። ወጣቱን «ያን መጽሐፍ አታንብብ» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ ምትክ ሳይሰጡ መከልከል ግን መጽሐፉን ትራስ ሥር ያስገባዋል እንጂ አያስቀረውም።

ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው በዓለ ሃምሳ ጾም የሌለበት፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ሰፊ ጊዜ የሚያገኙበት ወቅት ነው። የአካባቢው ካህናትና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን የማቴዎስን 24ኛና 25ኛ ምዕራፎች ከነትርጓሜያቸው፣ በሐዲይኛና በከምባትኛ፣ ጥያቄ እየተቀበሉ ቢያስተምሩበት ወጣቱ ይመጣል። ወላጆችም ልጃቸው ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ይዞ ቢገባ አይንጠቁት፤ አብረውት ይቀመጡና የታተመበትን ዓመተ ምሕረት ይዩ። ከዚያም ደራሲው በዚያን ጊዜ ጎግ ያለው ማንን እንደነበር፣ አውሬ ያለውስ የትኛውን መንግሥት እንደነበር፣ ዛሬ ያ መንግሥት የት እንዳለ ልጁ ራሱ ፈልጎ ይንገራቸው።